ሮምን ማን ይወለውላታል?

አውሮፓን ሊጎበኝ የተነሳ ሰው ከሻንጣው በፊት የሚያሰናዳው ዝርዝር ነው። የሚሄደው ሮም ከሆነ ደግሞ ዝርዝሩን ከማንም ይቀበል ያው ነው፤ ኮሎሲየም፣ ፓንተዮን፣ የትሬቪ ፏፏቴ፣ ቅዱስ ጴጥሮስ፣ የስፔን ደረጃ፣ በመካከሉ ፒዛ። ሰልፉ ግን ዝርዝሩ ላይ አይጻፍም። እኔ ሰልፍ ብርቄ አይደለም፤ በስኳርም በዘይትም በታክሲም ተፈትኜ ያለፍኩ ሰው ነኝ። የኛ ሰልፍ ግን መጨረሻው ላይ ወይ የሚበላ ወይ ቤት የሚያደርስ ነገር አለው። እዚህ ፀሐይ ላይ ተንቃቅተህ፣ ዩሮህን ቆጥረህ፣ የምታገኘው ግማሹ የፈረሰ ግንብ ነው። የግንቡን ነገር ያለችው እታለም ናት።

እታለም የአክስቴ ልጅ ናት። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ ስሟን ጠርቼ አላውቅም። በደርግ ጊዜ ገና በልጅነቷ ሮም ገብታ፣ የሰው ቤት ስታጸዳ፣ የሰው እናት ስትጦር ፀጉሯ ሸበተ። ከተማዋን እንደ መዳፏ ታውቃታለች፤ የትኛው አውቶቡስ ዝናብ ሲጥል እንደሚቀር፣ የትኛው ገበያ ሊዘጋ ሲል ቲማቲም እንደሚረክስ፣ የትኛው ሰፈር ደረጃው ጉልበት እንደሚፈጅ። ኮሎሲየም ውስጥ ግን ገብታ አታውቅም። «ስንት ዘመን በአውቶቡስ ስዞረው የኖርኩ፣ ምን ቀረኝ?» ብላ ተከራክራኝ ነበር። ትኬቱን እኔ ስገዛ ክርክሩ ቆመ።

ኮሎሲየም የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ80 ነው፤ ንጉሡም ቲቶ። ሃምሳ ሺህ ያህል ሰው ይይዝ ነበር ይባላል። እኔን የገረመኝ ግድግዳው ሳይሆን በሮቹ ናቸው። ምድር ላይ ሰማንያ ቅስት በር ነበረው፤ በተረፈው በኩል ቀና ብለህ ካየህ ከየቅስቱ በላይ የሮማውያን ቁጥር ተቀርጾ አሁንም ይነበባል። ተመልካቹ በቁጥሩ በሩን ለይቶ ይገባል፣ በዚያው ይወጣል። ያ ሁሉ በር እያለ ዛሬ ዓለም በሙሉ በጥቂት በሮች ተጋፍቶ ይገባል፤ እንግዲህ ሥልጣኔ ወደ የት እንደሚሄድ እናንተ ፍረዱ። እታለም ይሄ ሁሉ አላስጨነቃትም። የሚታገሉበት ሜዳ ላይ አሸዋ ይነሰነስ እንደነበር ስነግራት ቆም ብላ አሰበች። «ለደሙ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ብልሆች ናቸው። እብነ በረድ ላይ ቢፈስ በምንም አይለቅም።» ከዚያ በኋላ ያየነው ሐውልት ሁሉ በዚህ ሚዛን ተመዘነ፤ ማን ነው የሚወለውለው?

በዚህ ሚዛን አንደኛ የወጣው ፓንተዮን ነው፤ በእኔም ሚዛን እንደዚያው። ሮም ደርሶ አንድ ነገር ብቻ የሚያይ ሰው ቢኖር፣ እሱን ይይ እላለሁ። ንጉሥ ሐድሪያን ያሠራው ነው፤ ግንባሩ ላይ የተጻፈው ግን ቀድሞ በቦታው የነበረውን ያሠራው የአግሪጳ ስም ነው። ወጪውን ችሎ የሌላ ሰው ስም የሚጽፍ ሹም ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም። ጉልላቱ ስፋቱ 43 ሜትር፣ ከወለሉ ከፍታውም 43 ሜትር፣ ብረት የሌለበት ኮንክሪት ነው፤ ሥር ሥሩን በከባድ ድንጋይ፣ ወደ ጫፉ እየቀለለ በሚሄድ ድንጋይ አቡክተው ስላነሡት እስከ ዛሬ ንቅንቅ አላለም። አናቱ ላይ ከስምንት ሜትር የሚሰፋ ክፍት ቀዳዳ አለ። መስኮት የለውም፣ ክዳን የለውም። እኛ የገባን ዕለት ደግሞ ዘነበ። ዝናቡ በቀዳዳው ቀጥ ብሎ ወርዶ ወለሉ መሐል ሲያርፍ ሕዝቡ ስልኩን አወጣ፤ እታለም ግን አጎነበሰች። ወለሉ መሐሉ በትንሹ አበጥ ያለ ነው፤ ውሃው ወደ ዳር ሲንሸራተት፣ እብነ በረዱ ላይ የተበሱ ትናንሽ ቀዳዳዎች ይውጡታል። አንዷን ቀዳዳ በጫማዋ ጫፍ ነካ ነካ አደረገቻት። «ይሄን የሠራ ሰው፣» አለች፣ «ወይ ራሱ ቤት አጽድቷል፣ ወይ የምታጸዳ እናት ነበረችው።» ጉልላቱን ቀና ብላ ማየቷን እጠራጠራለሁ።

የስፔን ደረጃን በአንድ ዓረፍተ ነገር ልለፈው፤ መቀመጥ የሚያስቀጣ ደረጃ ነው፣ እሱም በመቶዎች በሚቆጠር ዩሮ። የእውነት አፍ የሚባለውንም እንዲሁ፤ እጁን የከተተ ውሸታም ይነከሳል የሚባል ክብ የድንጋይ ፊት ነው፣ ሰዉ ፎቶ ለመነሣት ይሰለፋል፣ ባሎች ወደ ኋላ ወደ ኋላ ይላሉ። ሌባ ሻይ ባደገበት አገር ተወልጄ ለዚህ አልሰለፍም።

ትሬቪ ግን ጎህ ሲቀድ ከሆነ ይገባዋል። ከረፈደ የምታየው ፏፏቴ ሳይሆን የሰው ማጅራት ነው። ግንባታው ያለቀው እ.ኤ.አ. በ1762 ነው፤ ውሃው ግን የሚመጣው መጀመሪያ ከክርስቶስ ልደት 19 ዓመት በፊት በተሠራው ቦይ ነው። ጀርባህን ሰጥተህ በቀኝ እጅህ በግራ ትከሻህ ላይ ሳንቲም ከወረወርክ ሮምን ዳግም ታያለህ ይላሉ። እታለም አልወረወረችም፤ «ልመለስ? እዚሁ አይደለሁም እንዴ!» ይልቅ ማን እንደሚለቅመው ጠየቀች። በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ዩሮ በላይ ይሰበሰባል፤ ካሪታስ ለተባለው የካቶሊክ የበጎ አድራጎት ድርጅት ተሰጥቶ ለችግረኛ ይውላል። ይሄን ስትሰማ ቦርሳዋን ከፈተች። ሃያ ሳንቲም።

ጥም የያዘው ሰው ውሃ እንዳይገዛ። በየመንገዱ ጥግ ላይ ቀን ከሌት የሚፈስ የብረት ቧንቧ ቆሟል፤ ከሁለት ሺህ በላይ አለ ከተማው ውስጥ። የቧንቧውን አፍ በጣትህ ስትደፍነው ከላዩ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ውሃው ወደ ላይ ተወርውሮ ሳታጎነብስ ትጠጣለህ። የማያውቅ ቱሪስት እጁን ጽዋ አድርጎ ክንዱ እስኪበሰብስ ሲታገል ማየት ደግሞ ነፃ ትርኢት ነው። ቡና በተመለከተ ከባንኮኒው ቆመህ ጠጣ፤ ከተቀመጥክ ዋጋው ይቀመጣል፣ አንተ ትነሣለህ። ማኪያቶ ብለህ ካዘዝክ የምታገኘው ወተት የነካካት፣ ሁለት ጉንጭ የማትሞላ ጥቁር ቡና ናት። ፒያሳ የለመድናት ባለ አረፋ ማኪያቶ እዚህ ዘመድ የላትም።

ቅዱስ ጴጥሮስ ጋ ትከሻና ጉልበቱን ያልሸፈነ አይገባም። አንዲት ፈረንጅ ልጅ በሩ ላይ ስትመለስ ያየች እታለም ከቦርሳዋ ነጠላዋን አውጥታ ሰጠቻት፤ በየትም አገር ያለ ነጠላ አትወጣም። ልጅቷ ስትገባ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋው ነበር፤ ስትወጣ ወገቧ ላይ ታጥቃ፣ ሹም ፊት እንደቀረበ ባለጉዳይ አደግድጋ ከች አለች። እስክትመለስ አደባባዩን ለማየት ጊዜ አገኘን። ከመካከለኛው ሐውልትና ከፏፏቴው መሐል መሬት ላይ ክብ ድንጋይ አለ፤ እሱ ላይ ከቆምክ የበርኒኒ አራት ረድፍ አምዶች አንዱ ከአንዱ ኋላ ተደብቀው አንድ ረድፍ ብቻ ይመስላሉ። አንድ እርምጃ ፈቀቅ ካልክ ጫካው ይወጣል። «ከአንድ ቦታ ሲያዩት ብቻ ንጹሕ የሆነ ቤት ስንት አውቃለሁ» አለች እታለም።

ዝርዝሩ ላይ የሌለው ከዚህ ይጀምራል። ከባዚሊካው ጀርባ፣ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የምትባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለኢትዮጵያ መነኮሳት የተሰጠች ናት። ዝም ብሎ የሚገባባት አይደለችም። ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ግዕዝ የተማረው ሮም ከነበሩት መነኮሳት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በዚሁ ከተማ አሳተመ፤ በግዕዝ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። አዲስ ኪዳንን እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 ሮም ላይ በግዕዝ ያሳተመውም አባ ተስፋ ጽዮን በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ተቀብሯል። የሲስቲን ቻፕልን ጣሪያ ለማየት አንገቱን የሚሰብር የአገሬ ሰው ይህን ሳያውቅ መመለሱ ያስቆጨኛል።

ደግሞ ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ። ከፊቱ ያለው ሰፊ አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ይባላል፤ የተሰየመው በጥር 1879 ዓ.ም ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ ለደመሰሱት የጣሊያን ጦር ነው። ከባቡር ወርዶ ሮምን የሚረግጥ ቱሪስት መጀመሪያ የሚያቋርጠው የራስ አሉላን ድል ነው፤ አያውቀውም እንጂ። ፈንጠር ብሎ የቆመው የዶጋሊ ሐውልት ሥር ፋሺስቶች ዛሬ ለገሃር ያለውን የይሁዳ አንበሳ አምጥተው አስቀምጠውት ነበር፤ በሰኔ 1930 ዓ.ም ዘርዓይ ደረስ ጎራዴውን የመዘዘው እዚያ ነው። ለእታለም ግን ቴርሚኒ ማለት ሐሙስ ከሰዓት ነው፤ የቤት ሠራተኛ የምታርፍበት ቀን። ሐበሻ ሁሉ እዚያ ይገናኛል፣ ደብዳቤ ይቀባበላል፣ ይታማማል። ሌሎቹን ቀናት ያሳለፈችው የአፍሪካ ሰፈር በሚባለው ነው። ቪያሌ ሊቢያ ሲያልቅ ቪያሌ ኤርትራ ይቀጥላል፣ የጅማ አደባባይ አለ፣ ቪያሌ ኢትዮጵያም ከዚያ ሩቅ አይደለም። «ጠዋት ከኢትዮጵያ ተነሥቼ ኤርትራ ላይ ቤት እወለውል ነበር፤ ፓስፖርት የጠየቀኝ የለም» ትላለች።

ልመለስ ስል ደወለችና «ሐውልቱ ጋ ጠብቀኝ» አለችኝ። ሮም ላይ ይህ ቀጠሮ አይደለም፤ ከተማዋ አሥራ ሦስት ጥንታዊ ኦቤሊስክ ሐውልት አላት፣ ግብፅ ራሷ ያን ያህል የቆመ አልቀራትም።

«የትኛው ሐውልት?»

«የኛው ነዋ!»

«የኛውማ አክሱም ገባ እኮ፣ እታለም።»

«አውቃለሁ፤ ሲያወርዱት ቆሜ አይቻለሁ። እሱ የነበረበት ጋ!»

ፖርታ ካፔና ሄድኩ። በጥቅምት 1930 ዓ.ም የተተከለበት ቦታ አሁን ለመስከረም አንዱ የኒውዮርክ ጥቃት መታሰቢያ የቆሙ ሁለት አምዶች አሉበት፤ ከጎኑ የቀድሞው የጣሊያን አፍሪካ ሚኒስቴር፣ የዛሬው የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ሕንፃ። ቆምኩ። አውቶቡስ መጣ፣ እሷ የለችም። ሌላ መጣ፣ የለችም። ስልኳን አታነሣም። ወጪ ወራጁን እየቆጠርኩ አርባ ደቂቃ ከቆየሁ በኋላ እታለም በሁለት ፌስታል ተወጥራ ከተፍ አለች። ኩርፊያዬን ገና ከሩቅ ስላየችው አፌን ሳልከፍት ቀደመችኝ።

«በ1939 ዓ.ም እመልሳለሁ ብሎ የፈረመውን ሐውልት በ1997 የመለሰ አገር፣ አውቶቡሱ አርባ ደቂቃ ቢዘገይ ይገርምሃል? በል ፌስታሉን ተቀበለኝ።»