ድልድይ ስለ መጠገንና ስላለመጠገን የወጣ አዋጅ

ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! እኛ የእንግሊዝ ዘውድ፣ ንጉሥ ቢያልፍ የማናልፍ፣ ወንዝ ሲሞላ ግን እንደማንኛውም ተላላፊ ዳር ላይ የምንቆም፣ የሚከተለውን አውጀናል። ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ፤ ባለርስትን ከሌላው ግብር ሁሉ ብንምረው እንኳ ከሦስት ነገር አይድንም፦ ከዘመቻ፣ ከምሽግ ሥራ፣ ከድልድይ ሥራ። ይህን ከሳክሶን ነገሥታት ወርሰነዋል። የጥንቱን የሮቸስተር ድልድይ ተመልከቱ። ዘጠኝ እግር አለው፤ እያንዳንዱ እግር ግንዱንና ሳንቃውን የሚያቀርብ ባለዕዳ አለው። አንደኛውና ሦስተኛው የጳጳሱ ነው። አምስተኛውና ዘጠነኛው የሊቀ ጳጳሱ ነው። አራተኛው የራሳችን የንጉሡ ነው፤ ስለዚህ የኤልስፎርድ ሕዝብ ይሠራዋል።

በ1381 የመጣው የወንዝ በረዶ ይህን ክፍፍል ስላላነበበ የጳጳሱን ከንጉሡ ሳይለይ አብዛኛውን ጠራርጎ ወሰደው። ሰር ሮበርት ኖሊስና ሰር ጆን ኮብሃም ከኪሳቸው አውጥተው በድንጋይ አሠሩት። እናመሰግናለን። ከምስጋና በላይ ግን አትጠብቁ።

ሁለተኛ፤ ጭልፊት ይዘን ለአደን በወጣን ቁጥር ሕዝቡ ቀድሞን ድልድይ እንዲዘረጋ እናዝዛለን ተብለን ታምተናል። ባሮን የተባሉት መኳንንት በ1215 ንጉሥ ጆንን ይዘው ማግና ካርታ በተባለው ሰነድ አንቀጽ 23 እንዲህ አስፈረዱን፦ ከጥንት ግዴታ ካለበት በቀር መንደርም ሆነ ሰው በወንዝ ዳር ድልድይ ሥራ አይባልም። ከዚያ ወዲህ ያገሬው ሰው ሁሉ ሕግ ዐዋቂ ሆነ። ግዴታ የሚወለደው ከልማድ ነውና፣ አንዴ የጠገነ ልማድ አስጀመረ ተብሎ ይያዛል። አንድ አበምኔት ስለፈረሰ ድልድይ ሸንጎ ሲቀርቡ “አዎን፣ ጠግኛለሁ፤ የጠገንሁት ግን ስለ ነፍሴ ብዬ እንጂ ዕዳ ኖሮብኝ አይደለም” ይላሉ። ክፋቱ፣ ሙግቱ የሚያስኬድ ነው። ስለሆነም የተነቀለ ሳንቃ ያየ መንገደኛ ምስማር እንዳይመታ ከልክለናል። አላስችል ካለው ምስክር አቁሞ፣ “ምጽዋት ነው! ምጽዋት ነው!” እያለ ይምታ፤ አለዚያ እስከ ልጅ ልጁ ሲመታ ይኖራል።

ሦስተኛ፤ ስለ ገንዘብ። ጳጳሳት ለድልድይ ለሰጠ የአርባ ቀን ንስሐ ያቀልሉለታል፤ እኛ ደግሞ በሚሻገረው ሸቀጥ ላይ ለተወሰነ ዓመት ቀረጥ እንፈቅዳለን። ሰማይም ምድርም ድርሻውን ተወጥቷል።

የለንደን ድልድይን ገቢ የሚመለከተው ሐሜት ግን ይቁም። ሄንሪ 3ኛ ገቢውን ለሚስታቸው ለንግሥት ኤሌኖር ሰጡ፤ ንግሥቲቱም ገንዘቡን በትጋት ሰበሰቡ። መጠገኑን ማን አነሣባቸው? በ1281 ልጃቸው ኤድዋርድ 1ኛ ለዚሁ ድልድይ ምጽዋት እንዲሰበሰብ በመላ አገሪቱ ደብዳቤ አስተላለፉ። ብዙም ሳይቆይ በረዶ አምስት ቅስት ይዞ ወረደ። እናት ገቢውን፣ ልጅ ልመናውን ተከፋፍለው ሳለ ንጉሣዊ ቤተሰብ ኃላፊነቱን አልተወጣም የሚል ይቀጣል።

አራተኛ፤ በሄንሪ 8ኛ ዘመን፣ በ1531፣ ፓርላማችን ነገሩን ቆርጦታል። የሚጠግነው ያልታወቀ ድልድይ በከተማ ውስጥ ከሆነ የከተማው፣ ከዚያ ውጭ ከሆነ የአውራጃው ነዋሪ ሁሉ ዕዳ ነው። የሰላም ዳኞች ተሰብስበው ግብር ይጥላሉ፤ ከድልድዩ ጫፍ እስከ 300 ጫማ ያለው መንገድም አብሮ ይጠገናል። በ301ኛው ጫማ ላይ ጭቃ የያዘው ሰው ሌላ ችሎት ይፈልግ። ባለቤቱ የታወቀ ድልድይ ግን እንደ ቀድሞው ባለቤቱ እየካደ ይቆያል።

ይህ አዋጅ ከዛሬ ጀምሮ የጸና ነው። ከወንዙ ማዶ ላላችሁ ግልባጩ ድልድዩ ሲጠገን ይላክላችኋል፤ የቸኮለ የጀልባውን ሒሳብ ራሱ ይክፈል።