ጾመኛው ዳክዬ

አዲስ አበባ ውስጥ ምግብ ቤት ገብቶ የተቀመጠ ሰው፣ ገና ወንበሩን ሳያሞቅ አስተናጋጇ አንዲት ጥያቄ ትጠይቀዋለች፤ «የጾም ነው የፍስክ?» ዕድሜ ልኬን ስሰማት የኖርኩትን ይህችን ጥያቄ ከሰላምታ ለይቼ አላያትም ነበር። ዋጋዋ የገባኝ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም.፣ ሁዳዴ ከተጋመሰ በኋላ፣ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ባጣሁበት ከተማ ነው፤ ጓንዡ፣ ደቡብ ቻይና።

የሄድኩት ልነግድ አይደለም። ነጋዴው የእህቴ ባል ነው። መርካቶ ውስጥ አምፖልና የመብራት ዕቃ ይሸጣል፤ በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሼ እለዋለሁ። ጓንዡ ውስጥ በፈረንጆቹ ከ1957 ጀምሮ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያና ጥቅምት ላይ፣ የዓለም ነጋዴ የሚጎርፍበት የንግድ ትርዒት አለ። «አንተ ልጅ እንግሊዝኛ ትችላለህ፤ ና አስተርጉምልኝ» ብሎ ትኬት ቆረጠልኝ። እንግሊዝኛ ለቻይና ወጥ ቤት ምን እንደሚረባ እሱም አልጠየቀ፣ እኔም አልነገርኩት። ነጻ ትኬት ፊት እንዲህ ያለ ጥያቄ አይነሣም።

እውነቱን ለመናገር የታወቅሁ ጾመኛ አይደለሁም። ሁዳዴን የምጾመው ግማሹን በእምነት፣ ግማሹን በእናቴ ነው። እናቴ ቦሌ ድረስ መጥታ፣ ሻንጣዬ ውስጥ በሶና ቆሎ ሸጉጣ፣ «እዚያ አገር የማይበላ ነገር የለም አሉ፤ አደራህን ጾሙን እንዳትሽር» ስትለኝ «እሺ» አልኳት። ለእናቴ «እሺ» ያልኩት ነገር ከጾሙ ይልቅ ይከብደኛል። ጋሼን ግን አንድም ቃል አልተናገረችውም፤ እሱ «መንገደኛ ጾም የለበትም» የሚል የራሱ ፍትሐ ነገሥት አለው። በሶዬን በሁለተኛው ቀን የጨረሰውም እሱው ነው።

የመጀመሪያው ምሽት ከሆቴላችን ሥር ያለ ምግብ ቤት ገባን። መስኮቱ ላይ የተጠበሱ ዳክዬዎችና ዝዮች አንገታቸው እንደተቆለመመ ተሰቅለዋል፤ ቆዳቸው ሊስትሮ የጨረሰው ጫማ ይመስላል። ጋሼ አንዱን በጣቱ አመለከተና ጣጣውን ጨረሰ። እኔ ስልኬን አውጥቼ ተርጓሚው ላይ «ጾመኛ ነኝ» ብዬ ጻፍኩና ለአስተናጋጇ አሳየኋት። አነበበች። አየችኝ። ደግማ አነበበች። ከዚያ ሜኑውን ቀስ ብላ ከእጄ ወሰደችና ሄደች። ትንሽ ቆይታ ጠና ያሉ ሴትዮ አስከትላ ተመለሰች፤ ሴትዮዋም ስልኬን አነበቡ፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና አንድ ብርጭቆ ሙቅ ውኃ አስቀመጡልኝ። ራቴ እሱ ነበር። ኋላ እንደተረዳሁት ስልኬ የነገራቸው «በአሁኑ ሰዓት እህል አልቀምስም» የሚል ነው። ምግብ ቤት ገብቶ፣ ወንበር ስቦ ተቀምጦ፣ እህል አልቀምስም የሚልን ሰው እኔም ብሆን ትከሻውን መታ መታ ከማድረግ ሌላ ምን አደርገዋለሁ?

በሁለተኛው ምሽት ብልጥ ሆንኩ። «ሥጋ የሌለበት» ብዬ አስተረጎምኩና ሥዕሉን አይቼ አዘዝኩ፤ ቀይ መረቅ ውስጥ የተኛ ቶፉ። ቶፉ የአኩሪ አተር አይብ እንደማለት ነው፤ ከአተሩ ወተት ይረጋል፣ ከላም ጋር ዝምድና የለውም። መጣ። ያቃጥላል፣ ምላስ ያደነዝዛል፣ ይጣፍጣል። ላዩ ላይ የተበተነችው ደቃቅ ነገር ሳይልም የቀረ ቅመም መሰለችኝ። ሦስተኛው ማንኪያ ላይ ቅመሟ ታኘከች። የተፈጨ አሳማ ነበረች። ማፖ ቶፉ የሚባለው ይህ የሲቹዋን ምግብ የተፈጨ ሥጋ ካልተበተነበት ሙሉ አይሆንም፤ የተጠበሰው ፎሶሊያም እንደዚያው፤ «የዓሣ ቃና» የሚሉት ደበርጃን ደግሞ ዓሣ የለበትም፣ አሳማ ግን አያጣውም። አስተናጋጁን በምልክት ስወቅሰው አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን አቀራርቦ አሳየኝ። ትንሽ ናት፣ ለማጣፈጫ ናት፣ ሥጋ ማለት ሳህን ላይ ራሱን ችሎ የተቀመጠ ነው ማለቱ ነው። ጋሼ የዳክዬ እግር እየጋጠ ፈረደ፤ «በቃ ገድፈሃል። ከገደፍክ አይቀር ጨርሰው፣ ብር ተከፍሎበታል።» አልጨረስኩም። ግን ከፊቴም ቶሎ አላስነሣሁትም።

በማግስቱ ይህን ጉድ ለወይዘሪት አምፖል አወራኋት። ጋሼ ዕቃ የሚያዝበት ፋብሪካ የሽያጭ ሠራተኛ ናት፤ እውነተኛ ስሟ አልጠራ ሲለን ጋሼ ያወጣላት ስም ነው። ሳቋን ከጨረሰች በኋላ፣ «ታዲያ ‹ቺ ሱ› አትልም ነበር?» አለችኝ። ለካስ ቃሉ አለ! «ቺ ሱ» ማለት የጾም ነው የምበላው እንደማለት ነው። አያቷ በጨረቃው ወር 1ኛና 15ኛ ቀን ሥጋ አይቀምሱም፤ የእኛ ረቡዕና ዓርብ መሆኑ ነው። የቡድሃ መነኮሳት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሁዳዴ ላይ ናቸው። በ6ኛው መቶ ዘመን የሊያንግ ንጉሥ ዉ ሥጋና መጠጥ ይቅርባችሁ ብሎ ካዘዘ ወዲህ በዚያው ጸኑ። ጋሼ ይህን ሲሰማ ስለ ንጉሡ የተናገረው ነገር እዚህ አይጻፍም። «ዛሬ ራት በእኔ ነው» አለች ወይዘሪት አምፖል። «ለጾመኛ የሚሆን ቤት አውቃለሁ።»

ቤቱ «የስድስቱ ዋርካዎች መቅደስ» ከሚባለው የቡድሃ ገዳም ብዙ አይርቅም። ለገዳሙ ስም ያወጣለት ባለቅኔው ሱ ዶንግፖ ነው፤ በ1100 እ.ኤ.አ. ከግዞት ሲመለስ ጎራ ብሎ፣ ግቢው ውስጥ ስድስት ዋርካዎች አይቶ፣ «ስድስት ዋርካ» የሚሉ ሁለት ፊደላት ጽፎ ሄደ ይባላል። ይኸው ሱ ዶንግፖ ግን የራሱን ስም ለሌላ ነገር ትቷል። «ዶንግፖ ሥጋ» የሚባል፣ በአኩሪ አተር ስጎና በወይን ቀስ ብሎ የሚበስል፣ ጮማው ከቀዩ የሚበልጥ የአሳማ ሥጋ አለ። ይህን በመንገድ ላይ ሳጫውተው የጋሼ ፊት በራ። «እንዲህ ያለ ሰው ነው የምወደው» አለ።

እንደተቀመጥን በማንቆርቆሪያ ሻይ መጣ፤ ከሻዩ ጋር ትልቅ ባዶ ጎድጓዳ ሳህን። ልቤ ሞቀ፤ እጅ ማስታጠቢያ! ከአገሬ ከወጣሁ ወዲህ እጄን ያስታጠበኝ ሰው አልነበረም። ሁለት እጄን ጎድጓዳው ላይ ዘርግቼ ወይዘሪት አምፖል እንድታፈስልኝ ጠበቅሁ። እጄን አየችው፤ ምን እንደሚለምን ግራ ገባት። ከዚያ የራሷን ስኒ፣ ሳህንና ቾፕስቲክ በሻዩ አለቃለቀችና እጣቢውን ጎድጓዳው ውስጥ ደፋችው። የጓንዡ ሰው ወግ ነው፤ የመጀመሪያው ሻይ ለዕቃው ነው። እኔ እጄን ሰብስቤ ዘወር ስል ጋሼ ሳህኑ ውስጥ የተቀዳለትን ማለቅለቂያ እስከ አተላው ጠጥቶ፣ «ቀጭን ሾርባ ነው» እያለ ነበር።

ከዚያ ምግቡ መጣ። ከገበታው መሐል ያለው ተሽከርካሪ መስታወት ላይ መጀመሪያ ያረፈው ዳክዬ ነው። ቡናማ፣ ቆዳው የሚያብረቀርቅ፣ ተቆራርጦ የተሰለፈ፣ ያ መስኮቱ ላይ ያየሁት። ቀጥሎ ዓሣ፣ ከነጭራው። ቀጥሎ ጎድን፤ ከየቁራጩ ጫፍ ነጭ አጥንት ብቅ ብሏል። ወይዘሪት አምፖልን ቀና ብዬ አየኋት። «ቺ ሱ» አለች ራሷን እየነቀነቀች። ዳክዬውን አየሁት። ዳክዬው ምንም አላለም።

አንድ በአንድ አስረዳችኝ። ዳክዬው ስልባቦት ነው! የአኩሪ አተር ወተት ሲፈላ ላዩ ላይ የሚጋገረው ስልባቦት እየተገፈፈ፣ እየተደራረበ፣ እንጉዳይ ተጠቅልሎበት፣ በእንፋሎት በስሎ ይጠበሳል። ጎድኑ ስንዴ ነው፤ ሊጡን ውኃ ውስጥ እያሹ ነጩ ሁሉ ታጥቦ ሲያልቅ የሚቀረው፣ እንደ ማስቲካ የሚሳበው ነገር። አጥንቱ የሎተስ ሥር ነው። ዓሣው ድንች። መጨረሻ ላይ የመጣው የመነኮሳቱ ሳህን ብቻ ራሱን አልደበቀም፤ እንጉዳዩም፣ ቅጠሉም፣ ቶፉም፣ ሥራሥሩም አንድ ላይ የተቀመጠበት በያይነቱ ነው። በወጉ ከተሠራ 18 ዓይነት ይገባበታል፣ ለ18ቱ የቡድሃ ደቀ መዛሙርት ለእያንዳንዳቸው አንድ።

«ይቺ ልጅ አንተን ላለማሳዘን ነው» አለኝ ጋሼ በአማርኛ። «ዳክዬ ነው።»

«ጋሼ፣ አተር ነው ብላሃለች እኮ።»

«እኔ ዳክዬ ሳላውቅ ነው?» አለ፣ በዕድሜው ከትናንት ወዲያ ዳክዬ የጀመረ ሰው። አራት ቁራጭ ደራርቦ በላና «አጥንቱን ያወጡበት አወጣጥ!» እያለ አደነቀ።

እኔ ጭንቅ ውስጥ ነበርኩ። ዓይንም ከክፉ እይታ መጾም አለበት ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ፤ የተጠበሰ ዳክዬ የሚመስል አተር በየትኛው እንደሚመደብ ግን የንስሐ አባቴን ጠይቄ አላውቅም። ራበኝ። ሦስተኛ ቀኔ ነው። ቁራጯን በቾፕስቲክ ብይዛት አመለጠችኝ፣ ብደግማት አመለጠችኝ። ወይዘሪት አምፖል አዝና በመስተንግዶው ቾፕስቲክ አንሥታ ሳህኔ ላይ አኖረችልኝ። የቻይና ጉርሻ እንዲህ ነው፣ አፍ ሳይደርስ ሳህን ላይ ይቀራል። በእጄ አንሥቼ ጎረስኩ።

ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው። ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። ጎድኑን ቀመስኩ፣ ይጎድለዋል። በያይነቱን ቀመስኩ፣ ይጎድለዋል። አገሬ ትዝ እንዳይለኝ የተማከሩበት ይመስል አንድ ጣዕም ከሁሉም ላይ ተነሥቷል። ምን እንደሆነ የገባኝ ዓሣው ላይ ነው። ሽንኩርት!

«እሱማ ክልክል ነው» አለች ወይዘሪት አምፖል። ቀይ ሽንኩርት የለም፣ ነጭ ሽንኩርት የለም፣ ባሮ የለም፣ ከሽንኩርት የሚዛመድ ሁሉ የለም። በመነኮሳቱ ትምህርት እነዚህ ነገሮች በስለው ሲበሉ ፍትወትን፣ በጥሬያቸው ሲበሉ ቁጣን ያስነሣሉ። ቾፕስቲኬን አስቀመጥኩ። ሥጋ ተው ብትሉኝ እተዋለሁ፣ ወተቱንም ቅቤውንም ትቼ አድጌያለሁ። ያለ ሽንኩርት መጾም ግን ያልተማርኩት ነገር ነው። እኛ የጾም ወጥ የምንለው ከሥሩ ሲታይ አንድ ድስት ሽንኩርት አይደለም? ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ ሽንኩርቱን ሊጠይቁ የመጡ እንግዶች ናቸው። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆመን ሽንኩርት የምናቁላላ፣ ቃሪያውን በጥሬ ሽንኩርት የምንሰነግ ሕዝብ በእነዚህ መነኮሳት ሚዛን ከተመዘንን ፍትወትም ቁጣም ሞልቶናል። ይህን ለጋሼ ብተረጉምለት ትንሽ አሰበና፣ «ቁጣውስ እውነት ነው፤ እህትህ ሰላጣ ስትሠራ አይቻለሁ» አለ።

ቢሉ ላይ የሆነውን ባጭሩ ልለፈው። ጋሼ «በሞቴ!» እያለ ኪሱን ሲዳብስ ወይዘሪት አምፖል እጇን ልትታጠብ ብላ ተነሥታ በስልኳ ከፍላ ተመልሳለች። ይህን ዘዴ የፈጠርነው እኛ ነን ብዬ አምን ነበር።

ትልቁ ጥፋት የደረሰው ከዚያ በፊት ነው። ያችን ቁራጭ በእጄ ይዤ፣ አፌን በሰፊው ከፍቼ፣ ከፊቴ ዳክዬው ተንጣልሎ ሳለ ጋሼ ፎቶ አነሣኝ። ሥሩ «ጾመኛው» ብሎ ጻፈና ለቤተሰቡ ሁሉ በስልክ ላከው። ጓንዡ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነበር። የጓንዡ ሁለት ሰዓት ደግሞ የአዲስ አበባ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ እናቴ እህል ሳትቀምስ ውላ፣ አሁን ገና ማዕድ ቀርባ ልትባርክ የተቀመጠችበት ሰዓት።

አልደወለችም። አለመደወሏ ከመደወሏ ይከፋል።

ስመለስ ሁዳዴው አላለቀም ነበር። ቤት ስገባ ሳመችኝ፣ ሻንጣዬን ተቀበለችኝ፣ እጄን አስታጠበችኝ፣ ስለ ዳክዬው ግን ቃል አልተነፈሰችም። እኔው ጀመርኩ።

«እማዬ፣ ያ እኮ አተር ነው።»

«አተር ከመቼ ወዲህ ነው ክንፍ ያበቀለው?»

ስልባቦቱን ነገርኳት፣ የታጠበውን ሊጥ ነገርኳት፣ መነኮሳቱን ነገርኳት። ንጉሡንም ጨመርኩበት። ዝም ብላ ሰማችኝና ምሳዬን አቀረበች። እንጀራው ላይ፣ በቀይ ቁሌት ውስጥ፣ ሦስት ዓሣዎች ተኝተዋል፤ ጭራቸው ተሰንጥቆ፣ ክንፋቸው ተፈልቅቆ፣ ዓይናቸው በጣት ጫፍ ጠልቆ። የሽምብራ ዓሣ ነው። ዱቄቱን በበርበሬ አሽታ፣ በቢላ ቀርጻ፣ በዘይት ጠብሳ የምትሠራው፣ በየሁዳዴው ስበላው ያደግሁት።

ዓሣውን አየሁ፣ እሷን አየኋት። «እማዬ፣ ሽምብራስ ከመቼ ወዲህ ነው ዓይን ያወጣው?»

ትንሽ አሰበች። ከዚያ አንዱን ዓሣ ከጭራው ቆርሳ ጠቀለለችና አፌ ላይ አደረሰችው።

«የእኔው ሽንኩርት አለው» አለች።