የሰፊው ደጅ ውዳሴ

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ወጥቶ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ በሚሞላበት ሰሞን በየቤቱ የሚሰየመውን ጉባኤ ያስተዋለ ሰው፣ ወገናችን ከጥበባት ሁሉ የላቀውን ጥበብ፣ ይኸውም ዩኒቨርሲቲን በደጁ ስፋትና በስሙ ግዝፈት የመመዘንን ጥበብ፣ ጠንቅቆ ማወቁን ይረዳል። በዚህ ጉባኤ አባት ሊቀ መንበር፣ አጎት አፈ ጉባኤ፣ ለቡና የተጠሩት ጎረቤት ወይዘሮም ይግባኝ የሌለባቸው ዳኛ ይሆናሉ፤ ልጁ ግን፣ ነገሩ እምብዛም ስለማይመለከተው፣ ስኒ እንዲያቀብል ይታዘዛል።

«የት ደረሰው?» ሲባል «ስድስት ኪሎ» ብሎ መመለስ ግርማው ሌላ ነው። በቅርቡ በአንዲት ትንሽ ከተማ የተከፈተ ዩኒቨርሲቲ ስም የተጠራ እንደሆነ ግን፣ ወይዘሮይቱ ስኒያቸውን አኑረው «እሱ ደግሞ ወዴት ነው?» ያሉ ጊዜ የቤተ ሰቡ ክብር ከረከቦቱ ሥር ይወድቃል። በትልቁ አዳራሽ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ መምህሩን በድምፅ ማጉያ እንጂ በመልክ ሳያውቅ ዓመቱን የሚፈጽም ተማሪስ ምን ይጎድለዋል? ያልገባውን አይጠይቅም፤ ካልጠየቀም አላዋቂነቱ አይገለጥበትም።

አበው በዚህ ረገድ ምስኪኖች ነበሩ። ቅኔ ሽቶ ወደ ዋሸራ፣ ድጓ ሽቶ ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬ ሽቶ ወደ ዙር አምባ የተጓዘው የቆሎ ተማሪ፣ አኩፋዳውን አንግቦ፣ የመንደሩን ውሻ በዱላው እየተከላከለ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ የለመነውን ቁራሽ እየበላ የሚፈልገው መምህሩን ብቻ ነበርና፣ የጎጆውን በር ሳይለካ ጎንበስ ብሎ ይገባ ነበር። ከዚህ ሞኝነት የተረፈን ነገር ቢኖር ሊቃውንት ብቻ ናቸው።

ዛሬ በሩቁ የምንሳለመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራሱ፣ በ1943 ዓ.ም. ኮሌጅ ሆኖ ሥራ ሲጀምር 33 ተማሪዎች ብቻ ነበሩት፤ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥትም የተሰጠው በ1954 ዓ.ም. ነው። ጉባኤያችን ያን ጊዜ ተሰይሞ ቢሆን ኖሮ፣ «ይህማ ለአንድ ለቅሶ ድንኳን እንኳ አይበቃ!» ብሎ ልጁን ባስቀረው ነበር።

ትንሹን የሚያወድሱ ወገኖችም አሉ፤ አልረሳኋቸውም። «መምህሩ ተማሪውን በስሙ ይጠራዋል» ይላሉ። መልካም፤ ነገር ግን መምህሩ ለከፍተኛ ትምህርት ባሕር ማዶ ተሻግሮ፣ የቤተ ሙከራው ቁልፍም በኪሱ አብሮት የሄደ እንደሆነ፣ ስም ጠሪው ማን ይሆናል?

ስለዚህ ትምህርት ሚኒስቴር የየዩኒቨርሲቲውን ደጅ በሜትር አስለክቶ ከምርጫው ቅጽ ጋር ቢያድል ወላጅ ሁሉ ከድካም ይገላገላል። ስለ መምህራኑ ማንነትና ስለ መጻሕፍቱ ብዛት የሚያትት ዐምድ በቅጹ ላይ ቢኖር፣ ቦታ ስለሚያጣብብ ይሰረዝ። ልጁ ሊያጠናው ለሚሻው የትምህርት ዓይነት ግን፣ ወረቀቱ ከተረፈ፣ በስተጀርባው አንዲት መስመር ትበቃዋለች።