አሥራ አምስት ደቂቃ ለሌባ ትበቃለች

ድሮ ጉዳያችንን ይዘን ቢሮ ስንሄድ የሚያመላልሰን ሰው ፊት ነበረው። ባይፈጽምልን እንኳ «ነገ ተመለስ» ይለን ነበር፤ እኛም ደጅ ላይ ቆመን እንረግመው ነበር። ትንሽ ቆይቶ «ሲስተም የለም» መጣ። አሁን ደግሞ ሲስተሙ ኖረና የጠፋሁት እኔ ሆንኩ! ፎርሙን ሞልቼ ሞልቼ በመጨረሻ «ላክ» የምትለዋን ስነካ፣ «ሴሽን ኤክስፓየርድ» ብሎ ከነጭራሹ መግቢያው ላይ ይመልሰኛል። የጻፍኩትስ? የበላው ጅብ አልጮኸም።

ለምን ተባረርክ ብትሉኝ፣ እጄ ስለዘገየ ነው። ፎርሙ የልደት ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር አምጣ ይላል። እኔ የተወለድኩት ጳጉሜን 3 ቀን 1942 ዓ.ም.፣ በሩፋኤል ዕለት ነው። ማሽኑ የሚያውቀው አሥራ ሁለት ወር፣ እናቴ የወለደችኝ በአሥራ ሦስተኛው። ሰባት ዓመት ነው ስምንት የሚጨመረው በሚለው ከባለቤቴ ጋር ተከራክረን፣ እስክሪብቶ አምጥተን፣ አዲስ ዓመት ስላልገባ ስምንት ነው ብለን ተስማምተን፣ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1950 ላይ ስንደርስ ማሽኑ የለም። እንደገና ልግባ ስል ደግሞ በስልክ ኮድ ይልክልኛል። ኮዱ ኔትወርክ ጠብቆ ሲደርስ የእሱም ጊዜ አልፏል።

የልጅ ልጄ ኮምፒውተር የተማረች ናት። «አባባ፣ ለእርስዎው ደኅንነት ተብሎ እኮ ነው» አለችኝ። እንደ እሷ አባባል ዌብሳይት ትዝታ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም፤ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው በተሻገርኩ ቁጥር «ማን ነህ?» ባይ ነው። ለዚህ ነው በፈረንጆቹ 1994 ኔትስኬፕ የሚሠራ ሉ ሞንቱሊ የተባለ ሰው ኩኪ የሚሉትን ያመጣው። አንዴ ፓስወርድ አስገብቼ ከገባሁ ለብራውዘሬ ምልክት ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ምልክቷን የያዘ ሁሉ እኔ ነው። «ኢንተርኔት ካፌ ገብተው ሳይዘጉ ቢነሡ፣ ቀጥሎ የሚቀመጠው ጎረምሳ እርስዎን ሆነ ማለት ነው» አለችኝ። እኔን ከሆነስ ጡረታዬን ከመንካቱ በፊት የጉልበቴን ሕመም ይቅመሰው።

«ዝም ያለን ሰው የምታስወጣዋን ደቂቃ የቆረጠው ማን ነው ታዲያ?» አልኳት። ኦዋስፕ የሚባል የዌብ ደኅንነት ድርጅት አለ አሉ፤ ለከባድ ጉዳይ ከ2 እስከ 5 ደቂቃ፣ ለቀላሉ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይመክራል። የአውሮፓ ኅብረት የክፍያ ደንብም ሒሳቡን ከፍቶ ዝም ያለን ሰው ከ5 ደቂቃ በላይ አትታገሡት ይላል። ደግ! ገንዘብ ልልክ ስል ይፍጠኑብኝ፣ አልከራከርም። የአያቴን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ለመጻፍ ስጨነቅ ግን ምን አጣደፋቸው? የአያቴን ስም ማን ይሰርቀዋል?

ደግሞ ሌባ እኮ ቀልጣፋ ነው። ክፍት ያገኘውን ሒሳብ ለማራቆት አሥራ አምስት ደቂቃ ተርፎት ቡናውንም ይጠጣል። ኩኪዋን ከሩቅ የሰረቀውማ ይብሳል፤ በየደቂቃው ነካ እያደረገ «አለሁ፣ አለሁ» ሲል ስለሚያድር የዝምታ ቆጣሪው አያገኘውም። እሱን የሚያስወጣው ሌላ ቆጣሪ ነው፤ ተናገርክም ዝም አልክም ከገባህበት ጀምሮ የሚቆጥር። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት በ2017 መመሪያው ለመካከለኛ ጥበቃ ሁለቱንም አስቀምጦ ነበር፤ ለዝምታ 30 ደቂቃ፣ ለጠቅላላው 12 ሰዓት። እንግዲህ በዝምታው ወጥመድ የሚገባው ማን ነው? መነጽሩን የሚፈልገው! በእኛ ጊዜ ዝም ያለ ሰው ጨዋ ይባል ነበር።

የወሬውን ሰፈርስ አያችሁት? ልጆቹ ስልኬ ላይ የጫኑልኝ የቪዲዮና የሐሜት ነገር፣ አንድ ቀን «ውጣ» ብሎኝ አያውቅም። ብተኛም አለሁ፣ ብታመምም አለሁ፤ ብሞትም የሚያሰናብተኝ አይመስለኝም። ጉዳይ በሌለኝ ቤት ቋሚ ነዋሪ ነኝ፤ ጉዳይ ባለኝ ቤት ግን ወግ ልጀምር እጄን ሳነሣ መሶቡን፣ ያውም ከነቆረስኩት ጉርሻ፣ ብድግ ያደርጉብኛል።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ መላው ከተጻፈ ዘመን ማስቆጠሩ ነው። ደብልዩ ስሪ ሲ የሚባለው የዌብ ደረጃ አውጪ በ2008 ባወጣው መመሪያ ከፈቀዳቸው መንገዶች አንዱ ይኸው፦ ጊዜው ሳያልቅ ሰውየውን አስጠንቅቁት፤ ቢያንስ 20 ሰከንድ ስጡት፤ አንዲት ቁልፍ ነክቶ ያራዝም፤ ይህንንም ቢያንስ 10 ጊዜ ፍቀዱለት። ሃያ ሰከንድ መነጽር ለማግኘት ባትበቃም «ኧረ አለሁ!» ለማለት ትበቃለች። እዚያው መመሪያ ውስጥ፣ በከፍተኛው ደረጃ፣ ሰውየው ተመልሶ ሲገባ የጻፈው ሳይጠፋ ካቆመበት ይቀጥል የሚልም አለ። አንብቦ የሠራበት ጠፋ እንጂ የተናገረስ አልጠፋም።

ስለዚህ ፍርዴን ስሙኝ። አታባርሩኝ አላልኩም፤ አባርሩኝ። ግን አስጠንቅቃችሁ አባርሩኝ፣ ጽሑፌንም አስቀምጡልኝ። ፓስወርዱን ገንዘቡ በሚወጣበት በር ላይ እንደገና ጠይቁኝ፤ ስሜንና የትውልድ ቀኔን በምሞላበት ግን ለቀቅ አድርጉኝ። ጥበቃው እንደ ጉዳዩ ክብደት ይሁን፤ ሽማግሌን ማዋከብ ሌባን መያዝ አይደለም።

ባለቤቴ «ምነው ቀኑን ሙሉ ስታጉረመርም ዋልክ፣ ትንሽ ዝም አትልም?» ትለኛለች። እንዴት ብዬ ዝም እላለሁ? በዚህ ዘመን ዝም ያለ ይባረራል!