ብርሃን በልቶ አዳሪ

ሳሎኑ ውስጥ የባሕር ኮራል የሚያረባ ሐበሻ እንግዳ በመጣ ቁጥር ቃሉን መስጠት አለበት። የመጀመሪያው ጥያቄ «ይበላሉ ወይ?» ነው። ዓሣዎቹ ለጥብስ እንደማይደርሱ ከተረጋገጠ በኋላ ጣት ወደ ኮራሎቹ ይቀሰራል። «እነዚህ ድንጋዮችስ?» እንስሳት ናቸው እላለሁ። «ምን ይበላሉ?» ብርሃን። እዚህ ላይ እንግዳው ዘወር ብሎ ሚስቴን በሐዘኔታ ያያታል።

ከጎንደር ሊጠይቁን ካሊፎርኒያ፣ ኮንኮርድ ድረስ የመጡት አማቴ ግን እንዲህ በቀላሉ አልለቀቁኝም። ወንበር ስበው ገንዳው ፊት ተቀመጡ።

«ልጄ፣ እንስሳ ብርሃን በልቶ ያድራል ነው የምትለኝ?»

«ሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ተጠግተው ይኖራሉ፣ እማማ። በብርሃን ስኳር ይሠሩና አብዛኛውን ለአከራያቸው ይሰጣሉ።»

«የዚህ አገር ኪራይ ባሕር ውስጥም ገብቷል በለኛ!»

«ሲመሽ ደግሞ ብዙዎቹ ኮራሎች ራሳቸው እጃቸውን ዘርግተው ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ያጠምዳሉ።»

«ቀን የጾም፣ ማታ የፍስክ?» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንዲህ ያለ ጿሚ እኛም ሰፈር ሞልቷል።»

ለኮራል መብራት ሊገዛ የወጣ ሰው ቀለብ ሊሸምት እንደወጣ ይቁጠረው። የአምፖል ካርቶን ላይ የሚጻፈው ሉመን የተለካው በሰው ዓይን ነው፤ የእኛ ዓይን ደግሞ ከሁሉ አብልጦ የሚያየው አረንጓዴውንና ቢጫውን ነው። ኮራሉ የሚሻው በተለይ ሰማያዊውን፣ ከ400 እስከ 480 ናኖሜትር ያለውን ነው። ቀይ ብርሃን ባሕር ውስጥ ጥቂት ሜትር እንደወረደ ይዋጣል፤ ሰማያዊው ግን ጠልቆ ይሄዳል፤ አልጌውም የለመደው እሱኑ ነው። ስለዚህ የኮራል ሰዎች ሉመንን ትተው፣ ለአልጌው የሚጠቅመውን ብርሃን በሚለካው፣ ፓር በሚሉት መለኪያ ይነጋገራሉ። ለስላሳዎቹ ኮራሎች ከ50 እስከ 150 ፓር ይበቃቸዋል። አክሮፖራ የሚባለው ቅንጡ ግን 250ም ከዚያም በላይ ካልቀረበለት ያኮርፋል። በአንድ ጊዜ ሲበዛበት ደግሞ ተከራዮቹን ከቤት አስወጥቶ ነጭ ሆኖ ይቀራል። አዲስ መብራት ከዝቅተኛው ተጀምሮ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ከፍ የሚደረገው ለዚህ ነው። እንግዳን ገና ከመምጣቱ በላይ በላዩ ማጉረስ እዚህ ገንዳ ውስጥ ነውር ነው።

የአካባቢያችንም የአየር ጠባይ መታሰብ አለበት። በሐምሌ፣ አገር ቤት ዝናቡ አላስወጣ በሚልበት ወር፣ ሳንፍራንሲስኮ ጭጋግ ለብሳ ጃኬት ታስደርባለች፤ ከኮረብታው ወዲህ ኮንኮርድ ያለነው ግን 38 ዲግሪ ሲያልፍ እንኳ ብዙም አይደንቀን። በዚህ ሙቀት ላይ 250 ወይም 400 ዋት የሚጎርሰውን የድሮ ሜታል ሃላይድ መብራት ከውኃው በላይ መስቀል ኮራሉን መቀቀል ነው። ጎልደን ጌት ፓርክ ያለው የስታይንሃርት አኳሪየም የፊሊፒንስ ሪፍ ገንዳው 212,000 ጋሎን ይይዛል፤ ጥልቀቱም 7 ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ለእሱ የሚሆን ኃይለኛ መብራት ቢሰቅል ማን ይፈርድበታል? ከጣሪያው መስኮቶች የሚገባው ፀሐይም አለለት። ለእኔ ሳሎን ግን ኤልኢዲ ይበቃል። ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ በ2014 የፊዚክስ ኖቤል የተሸለሙት ሰማያዊውን ኤልኢዲ በመፍጠራቸው ነው። ስለ ኮራሌ ማንም አላነሳም እንጂ፣ እኔ በእሱ ስም አጨብጭቤያለሁ።

ቀጥሎ የሚመጣው ቆጣሪው ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዋጋ እንደ ሰዓቱ ይለያያል፤ በብዙ ቤት የሚወደደው ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ሠራተኛ በባርት ባቡር ታጭቆ፣ ደክሞት፣ ዓሣ እያየ ሊያርፍ ቤቱ የሚገባው ደግሞ በዚሁ ሰዓት! ደግነቱ ኮራል የሚፈልገው በየቀኑ ያልተዛባ የ8 ወይም የ10 ሰዓት ብርሃን ነው፤ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደበራለት ደንታ የለውም። ስለዚህ ዋናውን ቀለብ በጠዋት እሰጠውና ለምሽቱ ደብዛዛ ሰማያዊ ብቻ አስቀራለሁ።

አማቴ ቡና ያፈሉት በዚያ ሰማያዊ ሥር ነበር። የልብስ ሳሙና ጨርቅ ላይ የሚተወው ማንጫ እንዲህ ባለ ብርሃን ስለሚያበራ፣ ነጠላቸው ከትከሻቸው እስከ ጥለቱ ቦግ አለ። ፈንዲሻው ሰማያዊ፣ ስኒው ሰማያዊ ሆነ። ጀበናውን አስቀምጠው እጃቸውን እያገላበጡ አዩ።

«ልጄ፣ እኔንም ከነዚህ ጋር ልታረባኝ ነው?»

ተነሥቼ ነጩን አበራሁ፤ ሰዓቱ ገና 1 ሰዓት ተኩል ነው፤ ቆጣሪው ይሮጣል። እናንተም መብራት ስትመርጡ ሰማያዊውና ነጩ ለየብቻ የሚቀነስና የሚጨመር መሆኑን አረጋግጡ። ሰማያዊው ለኮራሉ ነው፤ ነጩ ለአማት።