የልደቱ ልደት

ስሜ ልደቱ ነው። የተወለድኩት በልደታ ዕለት፣ ልደታ ሰፈር ነው። ይህን ለማያውቀኝ ሰው በአንድ ትንፋሽ ስነግረው ወይ የቀለድኩበት ይመስለዋል፣ ወይ ምላሴ የተሳሰረ። አንድ መሥሪያ ቤት ፎርም የምትሞላ ልጅ፣ «ስም?» አለችኝ።

«ልደቱ።»

ቀና ሳትል፣ «የትውልድ ቀንዎን በኋላ እጠይቅዎታለሁ፤ መጀመሪያ ስምዎን» አለች።

«ስሜ ነው፣ የኔ ልጅ።»

«እሺ። የልደት ቀን?»

«ግንቦት 1፣ ልደታ።»

«የትውልድ ቦታ?»

«ልደታ።»

ይኼኔ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አየችኝ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰውዬ ደግሞ፣ «እናትዎስ ማን ይባላሉ?» ብሎ ሰልፈኛውን ሁሉ አሳቀብኝ።

ጥፋቱ የሰፈሩም ነው። አዲስ አበባ ውስጥ «ልደታ» ሲባል ሁሉም የሚሰማው እንደየጭንቀቱ ነው። ለምእመኑ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ነጠላውን አጣፍቶ የሚሳለማት ልደታ ማርያም ናት። ለባለጉዳዩ ፍርድ ቤቱ ነው፤ «ነገ ልደታ ቀጠሮ አለኝ» ያለ ሰው ጠበቃ እንጂ ጧፍ ይዞ አይሄድም። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የከተማው ባቡር ፌርማታ ነው። ቦሌ ከመሠራቱ በፊት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላኖች የሚነሡትና የሚያርፉትም እዚሁ ልደታ ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው «ልደታ ደርሼ መጣሁ» ቢላችሁ ተስሎ፣ ተከሶ ወይም ተሳፍሮ ሊሆን ይችላልና ፊቱን ሳታዩ እንኳን ደስ ያለህ አትበሉት።

ስሜን ያወጣችልኝ አያቴ ናት። ያወጣችውም እኔ ሳልወለድ ነው። የእናቴ ሆድ ሲገፋ ቅርጹን አየት አድርጋ «ሴት ናት» ብላ ፈረደች፤ ወሩን ቆጥራ ግንቦት ላይ ሲውልላት ደግሞ «ልደታ ትባላለች» ብላ ጨረሰች። እኛ ቤት የአያቴን ፍርድ ይግባኝ የሚል ሰው አልተፈጠረም። ግንቦት 1 ደረሰ። የሰፈሩ ሴቶች እንደ ደንቡ ከደጅ ጉልቻ ጎልተው ንፍሮ ጥደዋል፣ ዳቦው ተደፍቷል፣ ጠላው ቀርቧል። ኢያቄምና ሐና ከክፉ ሰዎች ሸሽተው በሊባኖስ ተራራ እመቤታችንን ሲወልዱ የቀመሱት ንፍሮ ነው ስለሚባል የልደታ ንፍሮ እንዲሁ አይቀርም፤ በዓሉ ከቤት ውጭ የሚከበረውም ለዚሁ ነው። እናቴ ንፍሮውን ልታማስል ጎንበስ እንዳለች ምጥ ያዛት፤ ባቄላው ሳይበስል እኔ ደረስኩ።

አዋላጇ «ወንድ ነው!» ስትል ግቢው በእልልታ ቀለጠ። አያቴ ብቻ ዝም አለች አሉ። እናቴ እንዳጫወተችኝ ዝምታዋ የቅሬታ አልነበረም፤ ስም እያረመች ነበር። ፊደል ባትቆጥርም ጆሮዋ ፊደል ያውቅ ነበርና «ታ»ን ከራብዕ አንሥታ ካዕብ ላይ አስቀመጠቻት። «ልደቱ ብዬዋለሁ» አለች፤ ከዚያ ወዲያ እልልታውን ተቀላቀለች።

ጣጣው የመጣው በአርባ ቀኔ፣ ክርስትና ስነሣ ነው። ድግሱ ላይ አንድ መሪጌታ ነበሩ። ጠላቸውን ጨብጠው፣ «ይህ ልጅ ማን ተባለ?» ብለው ጠየቁ።

«ልደቱ» አለች አያቴ።

«ስለ ምን?»

«በልደታ ተወልዶ ነዋ፣ መሪጌታ!»

መሪጌታ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። «እማማ፣ ግእዙ እንደዚያ አይልም። ልደታ ማለት የእርሷ መወለድ ነው፤ ‹ልደታ ለማርያም› የምንለው ለዚህ ነው። ልደቱ ግን የእርሱ መወለድ ነው፣ የጌታችን። የታኅሣሥ 29 ስም ነው። እንዲያ ከሆነ ይህ ልጅ አራት ወር ዘግይቶ መጥቷል።»

እንግዳው ሁሉ አያቴን ተመለከተ። አያቴ ማዕድ ከማንሣት ሳትቦዝን፣ «እናቲቱ ሳትወለድ ልጅየው ይወለዳል እንዴ፣ መሪጌታ?» አለች። መሪጌታ ዋንጫቸውን መልሰው አነሡ። ነገሩ እዚያው ላይ ተዘጋ ይባላል፤ ለእኔ ግን እስከ ዛሬ አልተዘጋልኝም። ገና በመጣ ቁጥር ደውለው «መልካም ልደት ልደቱ» የሚሉኝ ወዳጆች አሉኝ።

በበዓል ቀን የተወለደ ልጅ የበዓሉን ስም መውሰዱ በአገራችን አዲስ አይደለም። ፋሲካ አለች፣ መስቀሉ አለ፣ ፍልሰታ አለች፣ እንቁጣጣሽ አለች፤ በሙስሊም ወገኖቻችንም ረመዳንና ጁምዓ የሚባሉ ሞልተዋል። የእኛን ስም ፍቺ የሚያውቀው ከመዝገበ ቃላቱ ይልቅ ጎረቤት ነው። ማስረሻ ማንን እንዳስረሳ፣ ምትኩ በማን እንደተተካ፣ ማንያዘዋል ማንን ለማብሸቅ እንደወጣ የሚነግራችሁ የሰፈሩ ቡና ነው። ካሳ የተባለ ልጅ ስታዩ ከእሱ በፊት በዚያ ቤት አንድ ነገር ጎድሎ እንደነበር ገምቱ። ይህ ስም ከባድ ሚዛን ነው፤ ሁለት ካሳዎች ለንጉሠ ነገሥትነት በቅተዋል። ካሳ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ ቴዎድሮስ ተባሉ፣ ካሳ ምርጫም በ1864 ዓ.ም. ዮሐንስ። ዛሬ ልደታ ላይ ቆማችሁ «ካሳ!» ብላችሁ ብትጣሩ ግን የሚዞርላችሁ የድሮ ቤቱ የፈረሰበት ሰው ነው፤ እሱም ስንት እንደተከፈለው ሊነግራችሁ።

ወደ ራሴ ልመለስ። እስከ 1997 ዓ.ም. ድረስ ስሜን የነገርኩት ሰው ሁሉ «ማን?» ብሎ ያስደግመኝ ነበር። ከዚያ ምርጫው መጣ። የኢዴፓው ልደቱ አያሌው በቴሌቪዥን ክርክር ላይ ብቅ አለና ከተማው ስሜን በአንድ ሰሞን ሸመደደው። በዚያ ግንቦት አንድ የታክሲ ረዳት ጓደኛዬ በስሜ ሲጠራኝ ሰምቶ «ከልደቱማ ሂሳብ አልቀበልም» አለኝ። ቡና ቤት ስገባ ወንበር የሚለቅልኝ በዛ። አንድ የማላውቃቸው አዛውንት ግንባሬን ስመው፣ «ጎሽ፣ አንጀቴን ነው ያራስከው!» ብለውኝ ሄዱ። የእኔ የፖለቲካ ተሳትፎ እኮ የዕድር ጸሐፊ ለመሆን ተወዳድሬ መሸነፍ ብቻ ነው። ክረምቱ አለፈ፤ ኢዴፓ ከሌሎች ተቃዋሚ ፓርቲዎች ጋር በተጣመረበት ቅንጅት ውስጥ ጭቅጭቁ ተጀመረ፤ የሕዝቡም ስሜት ተከፋፈለ። የፖለቲካውን ልክነትና ስሕተት ባለቤቶቹ ይነጋገሩበት፤ እኔን የጎዳኝ የታክሲው ነው። ያው ረዳት ሂሳቡን ከተቀበለኝ በኋላ መልሴን ከለከለኝ። «ስምህን ቀይር» ያሉኝም ነበሩ። ለመቀየር ደግሞ ፍርድ ቤት ማመልከት ያስፈልጋል። ፍርድ ቤቱ የት ነው? ልደታ።

እዚያው ፍርድ ቤት አንድ ቀን ለጎረቤቴ ምስክር ልሆን ሄጄ መተላለፊያው ላይ ተቀምጫለሁ። ተላላኪው ከበሩ ብቅ ብሎ «ልደቱ!» ሲል እኔና አንድ ባለ ጋቢ ሰውዬ እኩል ብድግ አልን። በሕይወቴ ሞክሼ ያየሁት ያኔ ነው። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ተላላኪው «ተከሳሹን ነው የፈለግኩት» ሲል ግን ከእሱ ቀድሜ ተቀመጥኩ። ሰውዬው ሲወጣ ጠብቄ ቡና ጋበዝኩት። ከሰሜን ሸዋ ነው የመጣው፤ የመሬት ክርክር ነው። ደብራቸው ልደታ ናት፤ እሱም የግንቦት 1 ልጅ ነው። «እኛ አገር በየቤቱ አንድ ልደቱ አይጠፋም» አለኝ። ያን ዕለት ገባኝ፤ ስሜ ብርቅ የሆነው ለከተማው ነው እንጂ የልደታ ታቦት ባለበት አጥቢያ ሁሉ እንደ ጎመን ዘር ተዘርቷል።

ብርቅ ስም ካልኩ አይቀር፣ ብርቄና ብርቅነሽ የሚባሉ ሴቶች ልደታ ውስጥ ብቻ ስንት እንደነበሩ የሚያስታውስ ያስታውሳል። ሁሉም ብርቅ ናት ተብላ ብርቅነቱ ረከሰ። ዛሬም ያው ነው፤ የተለወጠው ስሙ ብቻ ነው። መንደራችን ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ከተተካ ወዲህ አዳዲሶቹ ወላጆች ማንም ያልያዘው ስም ፍለጋ ስልካቸውን ሲያገላብጡ ያመሻሉ። ውጤቱን የምናየው ማታ፣ ልጆች ከጨዋታ ሲጠሩ ነው። አንዲት እናት ከአራተኛ ፎቅ «ሶልያና!» ስትል ግቢው ውስጥ ያለች ሴት ልጅ ሁሉ ቀና ትላለች። ወንዱን «ማራናታ!» ብላችሁ ጥሩት፤ ሁለቱ ይመጣሉ፣ አንደኛው ሴት ናት።

ፊት ለፊቴ የሚኖር ወጣት ልጁን ክርስትና ሲያስነሣ ጠራኝ።

«ጋሼ ልደቱ፣ ኖኤል አልነው። ብርቅ ስም ነው፤ ከእናቱ ጋር ስንት ወር ፈልገን ነው ያገኘነው።»

«ምን ማለት ነው?»

«በፈረንሳይኛ ገና ማለት ነው።»

«እንግዲያማ ሞክሼዬ ነው፤ እኔም እኮ ገና ነኝ።»

«ኧረ ጋሼ!» አለኝ ዞር ዞር ብሎ እንግዶቹን እያየ፤ «ጡረታ ወጥተው ገና?»

ቀልዱን ትቼ አስረዳሁት። ኖኤል የመጣው «ናታሊስ» ከሚለው የላቲን ቃል ነው፤ «የልደት» እንደማለት ነው። የሩሲያዋ ናታሊያ፣ የፈረንሳይዋ ናታሊ ሁሉም የዚሁ ቃል ልጆች ናቸው። ስፔኖችም ሴት ልጃቸውን ናቲቪዳድ ይሏታል፤ ልደት ማለታቸው ነው። ምዕራባውያኑ የእመቤታችንን ልደት በሴፕቴምበር 8 ሲያከብሩ እኛና የግብጽ ክርስቲያኖች ግንቦት 1 ላይ ስለምንውል ቀኑ ይለያያል እንጂ ስሙ አንድ ነው። መሪጌታው እንዳሉት ልደቱ የገና ስም ከሆነ፣ ያ ሕፃን ፓሪስ ዞሮ የመጣ ልደቱ ነው። ወጣቱ ጭንቅላቱን እያከከ ሰማኝና፣ «ቢሆንም ጋሼ፣ ኖኤል ዘመናዊ ነው» አለኝ። አልተቀየምኩም። ልጁን ግን አንድ ቀን «ልደቱ» ብዬ ብጠራው ዞሮ ሳቀልኝ፤ አባቱ ስላላየ ነው።

እንግዲህ ለዚህ ግንቦት ቀን የምትቆጥሩ እናቶችና አባቶች፣ ስልኩን ከማገላበጣችሁ በፊት ቤት ያሉትን አያት ጠይቁ። ኖኤል ልትሉት ከቆረጣችሁም በሉት፤ ያው ሞክሼዬ ነው። ገና ላይ የምትደውሉልኝ ወዳጆቼ ግን ከዘንድሮ ጀምሮ ታረሙ፤ የእኔ ልደት ግንቦት 1 ነው። ስጦታ ካሰባችሁ ንፍሮው እኛ ግቢ ይጣዳልና ጠላውን ይዛችሁ ኑ።