የሽቦ መኪና በጉና ዙሪያ፦ ስለ ልኬት፣ ስለ ሞተርና ስለ ጠፋው የልብስ ማስጫ

ከወረታ ተነሥቶ በዓለም በር ሽቅብ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው፣ ከዚያም በጋሳይና በክምር ድንጋይ አድርጎ የጉናን ጎን እየታከከ ወደ ጋይንት የሚዘልቀው መንገድ ሁለት ዓይነት ተሽከርካሪዎችን ያስተናግዳል። የመጀመሪያዎቹ ሰሌዳ ያላቸው፣ ቦሎ የለጠፉ፣ በመዝገብ የሰፈሩ ናቸው፤ ስለእነሱ ተጽፏል፣ ተሰብስቧል፣ አበልም ተከፍሏል። ሁለተኛዎቹ በአስፋልቱና በገብሱ ማሳ መካከል ባለችው ቀጭን የእግር መንገድ የሚመላለሱት የሽቦ መኪኖች ናቸው። እነዚህን ምሁራን ፊት ነሥተዋቸዋል። ይህ ጥናት የተሰናዳው ክፍተቱን ለመሙላት ነው። ክፍተት የማይሞላ ጥናት እንደሌለ ይታወቃል፤ ክፍተቱም እንደማያልቅ ይታወቃል።

በሌላው ዓለም መኪናን አሳንሶ መሥራት የጎልማሳ፣ ይልቁንም ጡረታ የወጣ ሰው ሥራ ነው። እንግሊዞች ዲንኪ የተባሉትን ትንንሽ የብረት መኪኖች መሸጥ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1934 ነው። ማችቦክስ በ1953፣ የአሜሪካኖቹ ሆት ዊልስ በ1968 ተከተሉ። በጃፓን ሺዙኦካ የሚገኘው ታሚያ ደግሞ መኪናውን በትኖ በካርቶን ይሸጣል፤ ገዢው እያንዳንዷን ቁራጭ በወረንጦ አንሥቶ፣ በሙጫ አጣብቆ፣ ቀለም ቀብቶ ይገጥማታል። ሥራው ሲያልቅ መኪናው መስታወት ቤት ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የሚነካው የለም። አንድ መኪና ተሠርቶ ካለቀ በኋላ እንዳይነዳ መደረጉ ለክምር ድንጋይ ልጆች ቢነገራቸው፣ ባለቤቱ መንጃ ፈቃዱን ተቀምቶ ይሆናል ብለው ያዝኑለት ነበር።

የእነዚህ ሰዎች ሃይማኖት ልኬት ነው። 1 ለ 18፣ 1 ለ 24፣ 1 ለ 43 እያሉ ይከራከራሉ፤ የበር እጀታ በግማሽ ሚሊ ሜትር ቢወፍር ይኮራረፋሉ። ከሁሉ የሚደንቀው 1 ለ 43 ነው፤ መነሻው ከመኪና ጋር ዝምድና የለውም። የአሻንጉሊት ባቡር ሠሪዎች አንዱን የእንግሊዝ ጫማ በ7 ሚሊ ሜትር ሲተኩ የተገኘ ቁጥር ሲሆን፣ መኪናው የገባበት ባቡር ጣቢያው ደጃፍ ሲቆም እንዳይገዝፍ ነው። ባቡር በሌለበት በፋርጣና በጋይንት ይህ ልኬት ተቀባይነት አለማግኘቱ አያስገርምም።

ታዲያ የጉናው ልኬት ስንት ነው? ጥያቄው በወሬ የሚመለስ ስላልሆነ አጥኚው በገበያ ቀን ክምር ድንጋይ ላይ አንድ አይሱዙ አስቁሞ፣ ባለቤቱን አስፈቅዶ፣ በሜትር ለካው። የፊት ጎማዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተገጣጠሙ ቆርኪዎች ናቸው፤ በላያቸው ከብስክሌት ከመነዳሪ የተቆረጠ ስስ ላስቲክ ተጠምጥሞባቸዋል። የኋላዎቹ የጫማ ቀለም ቆርቆሮዎች ናቸው። የእውነተኛው አይሱዙ ጎማ ቁመት 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የቆርኪ ወርድ ከ3 ሳንቲ ሜትር ጥቂት ያልፋል፤ የቀለሙ ቆርቆሮ ወደ 7 ይጠጋል። ስለዚህ መኪናው ከፊት ለፊት ሲታይ 1 ለ 25 ነው፤ ይህም ታሚያ ከሚኮራበት ልኬት ጋር ትከሻ ለትከሻ የሚገጥም ነው። ከኋላ ሲታይ ግን 1 ለ 11 ይሆናል። አንድ መኪና በሁለት ልኬት እንዴት ይሠራል ተብሎ ሲጠየቅ ባለቤቱ፣ «ጭነቱ የሚበዛው ከኋላ ነዋ፣ ጋሼ!» ሲል መልሷል። አጥኚው በመስኩ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አልገጠመውም።

ችግሩ መሪው ላይ ይብሳል። የሽቦው መሪ ወርዱ አንድ ስንዝር ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው በመሆኑ 1 ለ 2 ገደማ ነው። መሪውን ከፊት እግር ጋር የሚያገናኘው ዘንግ የልጁን ደረት ስለሚደርስ አንድ ሜትር ያህል ይረዝማል። ይህን ዘንግ በቆርኪው ልኬት ወደ እውነተኛው አይሱዙ ብንመልሰው፣ ከጋቢናው ጣሪያ ቀዶ የሚወጣ የ25 ሜትር ምሰሶ ይሆናል፤ ሹፌሩም ስምንተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጦ መንዳት ይኖርበታል። ሹፌሩ ራሱ በየትኛውም ስሌት 1 ለ 1 ነው። ታሚያ ሹፌሩንም አሳንሶ፣ ከፕላስቲክ ሠርቶ፣ ወንበሩ ላይ ይለጥፈዋል፤ በጉና ግን ሹፌሩ ሙሉ ሰው ነው፣ ገና ይደግ እንጂ። በማላዊም ሆነ በሌሎች የአፍሪካ አገሮች የሚሠሩት የሽቦ መኪኖች ይህንኑ ረጅም መሪ ይዘው መገኘታቸው፣ ጎንበስ ብሎ መንዳት የወገብ ሕመም እንደሚያመጣ አህጉሩ በሙሉ ሳይመካከር መስማማቱን ያመለክታል።

ወደ ጥሬ ዕቃው እንለፍ፤ እዚህ ላይ ጉዳዩ ወደ ሕግ ክልል ይጠጋል። ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ ፎቅ በሚሠራበት ሁሉ ፌሮ የሚታሰርበት ጥቁር ሽቦ ወድቆ ይገኛል። ገጠሩ ውስጥ ግን ዋናው የሽቦ ማዕድን የልብስ ማስጫው ነው። ማስጫው በአንድ ቀን አይጠፋም። ከጫፉ፣ ከቋጠሮው አልፎ ከተንጠለጠለው ትርፍ ይጀመራል፤ ለአንድ መሪ ይበቃል። ቀጥሎ ምሰሶው «ያዘመመ ስለመሰለ» ትንሽ ጠጋ ይደረጋል፤ ሻንሲ ይወጣል። በዚህ ሁኔታ ማስጫው እያጠረ፣ ቤተሰቡም ሳይታወቀው ልብሱን እያደራረበ ይከርማል። እናት ነገሩን የምትደርስበት ክረምት ላይ የአባወራው ጋቢ መሬት ሲነካ ነው። ያኔ የሚደረገው ምርመራ አጭር ነው፤ ማስረጃው በር ላይ ቆሟል፣ አራት እግርም አለው።

የመሣሪያው ነገርም እንዲሁ ነው። ፒንሳ ያለው ጥቂት ነው፤ ሽቦ በጥርስ ይታጠፋል፣ በድንጋይ ይቀጠቀጣል። ቆርኪ የሚበሳው በእናት ወስፌ ነው። ሞሰብ ሊሰፋበት የተሠራው ወስፌ ጫፉ የሚደንዘው በስፌት አለመሆኑን አጥኚው ለማስረዳት ሞክሮ፣ በቤቱ እመቤት የሚመለከተውን እንዲመለከት ተነግሮታል። የጎማ ዘንግ ከአሮጌ ጃንጥላ ይወጣል። በጋይንት በኩል የጭነት መኪኖች አካል በብዛት ከእርዳታ ዘይት ጣሳ የሚቆረጥ ሲሆን፣ ሁለት እጆች ሲጨባበጡ የሚያሳየው ምልክትና ከአሜሪካ ሕዝብ የተሰጠ መሆኑን የሚገልጸው ጽሑፍ በሩ ላይ በግልጽ ይነበባል። ስለዚህ ሊብሬ አያስፈልገውም።

ሞተሩ ሹፌሩ አፍ ውስጥ ይገኛል። ይህ አቀማመጥ ብዙ ጥቅም አለው፦ ዘይት አያንጠባጥብም፣ ለሌባ አይመችም፣ መለዋወጫም አይጠይቅም፤ የሚያስቆመው ጉንፋን ብቻ ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ይቀንሳል። የጉና ጫፍ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር እዚህ ሲደርስ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ጥቁር ጭስ እየተፋ፣ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ነው ዳገቱን የሚገፋው። የአፍ ሞተር ግን እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ስላደገ የሚቀንሰው ጉልበት የለም። ሆኖም ዳገት ሲደርስ እሱም ያቃስታል። ማርሽ ይቀንሳል፣ ያለከልካል፣ ፍሪሲዮን የተቃጠለበት ሁሉ ያስመስላል። ደህና ሞተር ያለው ሹፌር የታመመ ሞተር ድምፅ ለማውጣት ይህን ያህል የሚደክምበት ምክንያት ምን እንደሆነ ለረጅም ጊዜ ሲያነጋግር ቆይቷል፤ ቢያንስ አጥኚውን።

መልሱ የተገኘው የመኪኖቹን ዓይነት ስንለይ ነው። አይሱዙ ከሁሉ ይበልጣል፤ ከሁሉም በዝርዝር የተሠራው እሱ ነው። ሸራ ማሰሪያ ቀለበቶቹ፣ ከሥር የተንጠለጠለው ትርፍ ጎማ፣ የነዳጅ ጋኑ፣ ስፖኪዮው፣ የኋላ መዝጊያው፣ በቢክ የተጻፈው «አማ 3» ሳይቀር ሁሉም አለ። ምክንያቱ ድንች ነው። የጉና ዙሪያ ድንች አገር ነው፤ አይሱዙ ደግሞ ድንች ሊጭን መጥቶ ግማሽ ቀን ይቆማል። ቅጥቅጡም ተሳፋሪ እስኪሞላ ስለሚቆም ከኋላው መሰላል፣ ከላዩ ፖርቶመጋላ፣ አንዳንዴም ፖርቶመጋላው ላይ ከጭቃ የተሠራ በግ አለው። የእርዳታ ድርጅት ላንድክሩዘር የሚታወቀው ከፊት በቆመ ረጅም አንቴና ነው፤ የቀረው አካሉ ይለያያል። አምቡላንስ ሲቆም ሰው የሚያየው በሽተኛውን በመሆኑ ሞዴሉ አልተገኘም። ቪ8 የተባለው የባለሥልጣን መኪናም ይሠራል፤ ግን በካርቦን ጠቁሮ የተዘጋ ሣጥን ነው። በሮቹ አይከፈቱም። ልጆቹ ሲከፈቱ አይተው አያውቁም።

ከዚህ የተገኘው ሕግ አጭር ነው፦ የአንድ የሽቦ መኪና ዝርዝር የሚበዛው ዋናው መኪና በቀበሌው በቆመበት ሰዓት መጠን ነው። ማቃሰቱም በዚሁ ይገባል፤ አይሱዙ ልጆቹ ፊት ሲሄድ የተገኘው ዳገት ላይ ብቻ ነው። ለምርምሩ በጀት ለሚፈቅዱ ክፍሎች አንድ ጠቃሚ ነጥብ እዚህ ላይ ይነሣል። የትኛው መሥሪያ ቤት «ወደ ሕዝቡ ወርዶ» እንደሚሠራ ለማወቅ የሩብ ዓመት ሪፖርት ማገላበጥ አድካሚ ነው፤ የአካባቢውን የሽቦ መኪኖች ሰብስቦ የስንቶቹ በር እንደሚከፈት ማየት ይቀላል።

ሕጉ ወደ ኋላ ተመልሶ በታሪክም ተፈትኗል። ደብረ ታቦር ለተሽከርካሪ አዲስ አይደለችም። ዐፄ ቴዎድሮስ እዚሁ አጠገብ ጋፋት ላይ፣ ዋልድማየርን የመሳሰሉ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ አውሮፓውያንን መድፍ ሠሪ አድርገው ያሰማሯቸው ነበር፤ በሥራ ድርሻና በትምህርት ዝግጅት መካከል ያለው አለመጣጣም በአገራችን ሥር የሰደደ መሆኑን ያሳያል። ከዚያ የወጣው ሴባስቶፖል 70 ኩንታል ገደማ ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት ገደማ በሠረገላ ላይ ሆኖ ከደብረ ታቦር ተነሣ፤ በጋይንት አልፎ፣ ጅዳንና በሽሎን ተሻግሮ መቅደላ የደረሰው መጋቢት ላይ ነው። መንገዱ ከፊቱ እየተሠራ ሲሄድ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከሠራተኛው መካከል ገብተው ድንጋይ ያነሡ ነበር። ሞተር የለውም፤ የሚሄደው በሰው ጉልበትና በጩኸት ነው። ማለትም በአሠራሩ ከዛሬው የሽቦ መኪና የሚለየው በክብደት ብቻ ነው። ግማሽ ዓመት ያህል በመንገድ የቆየ ተሽከርካሪ በሕጋችን መሠረት እጅግ ዝርዝር የሆነ ሞዴል ሊያስገኝ ይገባው ነበር። አስገኝቷልም፤ አምሳያው አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ዋናው ዛሬም መቅደላ ነው። በዘመኑ የነበሩ እረኞች የሠሩት ካለ ከጭቃ ስለሚሆን ክረምቱ ወስዶታል።

ወደዚህ ዘመን ስንመለስ፣ የደርግ ዘመን ቻይናዎች የወረታ–ወልዲያን መንገድ ባይሠሩ ኖሮ ይህ ጥናት ባልተጻፈ ነበር። መንገዱ መኪና አመጣ፤ መኪናው ሞዴል አመጣ፤ ሞዴሉም ረዳት አመጣ። ረዳት የሚሆነው ታናሽ ወንድም ነው። ደመወዝ የለውም፤ ተስፋ አለው፦ ከደረሰ በኋላ «ትንሽ ትነዳለህ» ተብሏል። ሥራው ከኋላ እየሮጠ «ወረታ! ባሕር ዳር! የሞላ! አንድ ሰው!» ማለት ነው። ተሳፋሪ ኖሮ አያውቅም፤ መኪናው ግን ምንጊዜም አንድ ሰው ይቀረዋል። የትራፊክ ቁጥጥሩን የሚያካሂዱት የገብስ ማሳ ባለቤቶች ናቸው። ጥፋቱ ከመጠን ያለፈ ፍጥነት ሆኖ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ከብቶቹ ናቸው።

ባጃጅ ሲመጣ ሠሪዎቹ በደስታ ተቀበሉት፤ አንድ ጎማ ያስቀራልና። ከገበያ የሚገዛው ባለ ባትሪ የፕላስቲክ መኪናም ሥጋት ይሆናል ተብሎ ነበር። ባትሪው እንዳለቀ ታርዶ አራቱ ጎማዎች ወደ ሽቦው መኪና ተዛውረዋል፤ ቀሪው አካል ለረዳቱ ተሰጥቷል።

እውነተኛው ፈተና የመጣው ከወዲያ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ፤ የኤሌክትሪክ መኪና ይግባ ተባለ። የኤሌክትሪክ መኪና ድምፅ የለውም። ሞተሩ አፍ ለሆነ ኢንዱስትሪ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻም፤ ማርሽ የለም፣ ማቃሰት የለም፣ ሹፌሩ አፉን ዘግቶ ሊነዳ ነው። ጋሳይ አካባቢ አንድ ልጅ ይህንኑ ሲሞክር ታይቷል። መኪናውን እየገፋ፣ ከንፈሩን ገጥሞ፣ ጭጭ ብሎ አለፈ። ረዳቱ ከኋላ አላስቻለውም።

«ኧረ ሞተሩን አስነሣው!»

«ኤሌክትሪክ ነው።»

«ታዲያ ቻርጅ መቼ ታደርገዋለህ?»

«መብራት ሲመጣ።»